ቁርስ በልተሻል?

በምሥራቅ በር ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ያለው፣ አድማጭ የሚሉት መሣሪያ የተተከለው በልጅ ቁመት ልክ ነው። ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው፤ ማንም ልጅ ሲጠየቅ ወደ ላይ አንጋጦ እንዳይመልስ። ድምፁ የሴት ነው። የወሎ ለዛ አለው፤ አይቸኩልም፤ አይቆጣም። ልጆቹ በየማለዳው ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ተራቸው ሲደርስም አንድ እርምጃ ተራምደው ፊታቸውን ያቀርባሉ።

«እንደምን አደርሽ፣ ረውዳ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና።»

«ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

ከበሩ ራስጌ ያለችው መብራት ብጫ ትሆናለች። ረውዳ የነጠላ ጫማዋን አቧራ አራግፋ በቀኝ በኩል ታልፋለች። በልተው የመጡ ልጆች በቀኝ በኩል ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ፤ ያልበሉት በግራ በኩል ወደ ምግብ አዳራሹ ይገባሉ፤ እዚያም ትኩስ ገንፎ ይጠብቃቸዋል። ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። በቀድሞው ዘመን ወላጆች የድህነት ማረጋገጫ ለማግኘት በየቢሮው ደጃፍ ሲጉላሉ ይውሉ እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። በኋላ የመጣው የግብረገብ ትምህርት ማሻሻያ ያን ሁሉ አስቀርቶ የድኻ ልጅ ማስረጃ የገዛ ቃሉ እንዲሆን አደረገ። መብራቷ ለእውነት አረንጓዴ፣ እውነት ላልሆነው ብጫ ናት። ማንንም አታስቆምም፤ ማንንም አትወቅስም። ትመዘግባለች፣ ያ ብቻ ነው።

የረውዳ እናት ሰዓዳ ልጇ በሩን ስታልፍ ሳታይ ከአጥሩ ሥር አትንቀሳቀስም ነበር። ብጫዋን መብራት ብዙ ጊዜ አይታታለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ይዛ ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ የመጣችው ባለፈው ክረምት ነው፤ በባቲ ትምህርት ቤቶች አድማጭ ገና አልተተከለም። ስለዚህ ለአንዱ ልጅ አረንጓዴ፣ ለሌላው ብጫ የሚሆነው እንደየክፍሉ ይመስላት ነበር። ልጇ ስትገባ አይታ ወደ ልብስ ፋብሪካው ትወርዳለች። ልብሱን የሚሰፉት ማሽኖቹ ናቸው፤ የሰው እጅ የሚፈለገው ማሽኖቹ ሲሳሳቱ ነው። ሰዓዳና ባልደረቦቿ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ስሕተት ይጠብቃሉ። ስሕተት የሌለበት ቀን ክፍያ የሌለበት ቀን ነው። ማሽኖቹ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየተማሩ ሄደዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠች፣ የእጅ አንጓዋ ላይ የታሰረው መጥሪያ ነዘራት። ከትምህርት ቤት የመጣ ጥሪ ነበር።

የግብረገብ አስተማሪዋ መምህርት ርብቃ ገና ወጣት ናት። ሰዓዳን ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቀበለቻት፤ ወንበሩንም ራሷ ስባ አቀረበችላት። ከዚያ በኋላ ግን ንግግሩን ከየት እንደምትጀምረው ጠፋት።

«ረውዳ በትምህርቷ ጎበዝ ናት» አለች በመጨረሻ። «በሒሳብ የሚስተካከላት የለም። ጓደኞቿም ይወዷታል። ግን... ትዋሻለች።»

«ማን? የኔ ልጅ?»

«በየቀኑ።»

ሰዓዳ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። «መምህርት፣ ከሌላ ልጅ ተምታቶባችሁ እንዳይሆን። የኔ ልጅ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር እንኳ አታነሣም።»

«እሱን አውቃለሁ። የምትዋሸው ስለ ቁርስ ነው። ሳትበላ በልቻለሁ ትላለች።»

ሰዓዳ አንድ ከባድ ውርደት ሊነገራት ነው ብላ ተሸማቅቃ ነበር። የተነገራት ይህ ብቻ መሆኑን ስታይ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

«እና ምን ልትል ኖሯል? ሰው ፊት ቆማ ርቦኛል ልትል? እንደሱ አድርጌ አላሳደግኋትም! ጎረቤት ቤት ማዕድ ላይ እንኳ ብትደርስ፣ እጇን ሰብስባ በልቻለሁ ነው የምትል። ደጋግመው ካልለመኗት፣ በሞቴ ካላሏት አትቀምስም። ይሄ እኮ ነው ጨዋነት!»

መምህርት ርብቃ ቀና ብላ እዚያም አድማጭ ያለ ይመስል የክፍሉን ጣሪያ አየች፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናቴም እንዲሁ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አድማጩን ያሳደገችው የኔ እናት አይደለችም፣ ወይዘሮ ሰዓዳ። ልጅቱ ሳትበላ እንደመጣች ያውቃል፤ ከትንፋሿ ያውቃል። የእውነት ውጤቷ ወርዶ ወርዶ ወደ መጨረሻው መስመር ተቃርቧል። ከዚያ በታች የሚወርዱትን ወደ ደጋው ይወስዷቸዋል፤ ወደ ምግባር አዳሪ ትምህርት ቤት። እስኪያድጉ አይመለሱም።»

ሰዓዳ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ተነሣች።

የዚያን ዕለት ማታ በአንዲቷ ክፍላቸው ውስጥ ልምምድ ተጀመረ። ሰዓዳ ከበሩ ሥር ተንበርክካ ቁመቷን ከልጇ ቁመት አስተካከለች።

«እንደምን አደርሽ፣ ረውዳ?»

ረውዳ በሳቅ ፈረሰች። «እማ፣ አንቺ እኮ እሷን አትመስዪም! እሷ ታለሳልሳለች።»

«እሺ፣ አለሳልሳለሁ። ቁርስ በልተሻል?»

«በል...» ብላ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ርቦኛል በይ።»

«ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ!»

«ትንሽ ርቦኛል ብልስ?»

«ትንሽ የሚባል የለም። ርቦኛል! ጮክ ብለሽ።»

ረውዳ ወለሉን በእግሯ ጣት ቆፈር ቆፈር አደረገች። «ከኋላዬ እነ ሜላት ይሰለፋሉ እኮ። በግራ የሚሄዱትን ምን እንደሚሏቸው ታውቂያለሽ? ግራዎች ነው የሚሏቸው። ኳስ ስንጫወት እንኳ ግራዎችን ማንም አይመርጣቸውም።»

ሰዓዳ በሰሐኑ ላይ የቀረችውን ቂጣ ወደ ልጇ ገፋ አደረገችላት። ረውዳ ቂጣዋን አየች፤ ቀጥሎ እናቷን አየች።

«አንቺስ? በልተሻል?»

«እኔ ፋብሪካ በልቻለሁ።»

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። በፋብሪካው አግዳሚ ላይ ለማንም ምንም ተሰጥቶ አያውቅም። ረውዳም ይህን የምታውቅ ይመስል ቂጣዋን ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ሰሐኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች። ልጅቱ ይህን ትምህርት ከማን እንደቀሰመች፣ በየትኛውም ክፍል እንዳልተማረችው፣ ሰዓዳ በዚያች ቅጽበት ገባት።

«ቃል ግቢልኝ» አለቻት ሁለት እጆቿን ይዛ። «ማንም ምን ቢልሽ፣ ማን ቢስቅብሽ፣ ርቦኛል ትያለሽ።»

«ወላሂ።»

ሆኖም ቃል መግባትና መናገር አንድ አልሆኑላትም። በማግሥቱ ረውዳ ከአድማጩ ፊት ቆማ አፏን ከፈተች፤ ከኋላዋ የልጆቹን ትንፋሽ ሰማች፤ «በልቻለሁ» አለች። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሰዓዳ ከአጥሩ ባሻገር ቆማ በየጠዋቱ ብጫዋን መብራት ታይ ነበር፤ አሁን ግን ትርጉሟን እያወቀች።

በዚያው ሰሞን የማሻሻያው ጽሕፈት ቤት ለወላጆች የውይይት ጥሪ አደረገ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከመድረኩ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ተወካይ አቶ ሚልክያስ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አነጋገራቸው የተለካ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ከተናጋሪው የማይነቅሉ ሰው ናቸው። ሰዓዳ ጎረቤቷን እትዬ ጦይባን አስከትላ ከኋላ ተቀመጠች። እትዬ ጦይባ በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ለማንም አንገታቸውን የማይሰብሩ ሴት ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ተነሣ። «የኔ ልጅ በልቶ ይመጣል፤ በልቻለሁ ይላል፤ አረንጓዴ ይበራለታል። እውነት መናገር ምን ይከብዳል? እኔ አልገባኝም።»

«አይግባህ!» አሉ እትዬ ጦይባ ከኋላ ሳይነሡ። «አንተ በሁለት በኩል ጎርሰህ እውነት ብትናገር ምን ይገርማል? አፍህ ባዶ ሲሆን ተናገርና እንይህ!»

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ሚልክያስም ፈገግ አሉ። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ መምህርት ርብቃ እጇን አወጣች።

«ጥያቄውን የምጠይቀው እንደ አስተማሪ ነው» አለች። «ልጆቹን ከመጠየቃችን በፊት ለምን ሁሉንም አናበላቸውም? ርኅራኄን አስተምሩ ተብለናል፤ እውነትን አስተምሩ ተብለናል። በባዶ ሆድ የቆመን ልጅ እየመዘንን ግን የምናስተምረው ፍርሃትን ነው። ግብረገብ የሚጀምረው ከጥያቄ ሳይሆን ከገበታ ቢሆንስ?»

ሰዎች አጨበጨቡ። አቶ ሚልክያስ ጭብጨባው እስኪያበቃ በትዕግሥት ጠበቁ።

«ሁሉንም ማብላት ተሞክሯል፤ ልጆቹም በልተዋል» አሉ። «ነገር ግን የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን መለየት ሳይማሩ አደጉ። ድህነትን ማጥፋት የሌላ መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው፤ እሱም እየሠራ ነው። የኛ ድርሻ ድህነት ልጅን ውሸት እንዳያስተምር መጠበቅ ነው።»

ሰዓዳ መቆሟን ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው። «ልጄ ውሸት አልተማረችም» አለች። «ክብር ነው የተማረችው።»

አቶ ሚልክያስ ዓይናቸውን ከእርሷ አልነቀሉም። «ሊሆን ይችላል፣ እናቴ። እኛ የምንለካው ግን ክብርን አይደለም።»

ስብሰባው ሐሳቦቹ ሁሉ እንደሚመዘገቡ ተነግሮ ተበተነ። ውጤታቸው ከመስመሩ ለደረሰ ልጆች ግን አንድ ዕድል ተሰጠ፤ ሰኞ ጠዋት በተወካዩ ፊት ከአድማጩ ጋር ይቆማሉ፤ በዚያን ዕለት እውነት የተናገረ እናቱ ጋ ይቀራል። ወላጆች በበሩ ፊት ከተሰመረው ነጭ መስመር በስተኋላ ሆነው ማየት ይችላሉ፤ ድምፅ ማሰማት ግን የልጁን መልስ ያሰርዛል።

ሰኞ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሰዓዳ የእጅ አንጓ ነዘረ። በፋብሪካው አንድ ሙሉ ረድፍ ማሽን ተሳስቷል፤ የሰው እጅ በጥብቅ ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ጥሪ ከመጣ ወራት አልፈውታል። ሰዓዳ ልጇን ቀስቅሳ ሳመቻት፤ «ምን ነበር የምትይው?» ስትል በጆሮዋ ጠየቀቻት፤ ረውዳም እንቅልፍ እንደተጫናት «ርቦኛል» አለች። ሰዓዳ የእትዬ ጦይባን በር አንኳኳች።

«አደራ፣ እትዬ። በሰዓቱ አድርሱልኝ። እኔም ከዚያው እመጣለሁ።»

«አብሽሪ» አሉ እትዬ ጦይባ። «ለኔ ተዪው።»

የተበላሸውን ስፌት ስትፈታ እጇ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም። ሥራው እንዳበቃ ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። ከነጩ መስመር ስትደርስ ከረውዳ ፊት የቀረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፤ ፀጉሯ አዲስ ተጎንጉኗል። ረውዳ እናቷን ስታይ ፊቷ በራ።

ሰዓዳም ያን ጊዜ ነው የልጇን አገጭ ያየችው። ቅቤ ወዝቶበታል። በከንፈሯ ጥግ የጭኮ ፍርፋሪ ተጣብቋል።

እትዬ ጦይባ ከመስመሩ ዳር ሆነው በኩራት አንገታቸውን ነቀነቁላት። ቀርበውም በጆሮዋ ሹክ አሏት። «ሕንፃው ሁሉ ነው ያዋጣላት። አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ወተት። ምን አስጨነቀሽ? በልቻለሁ ማለት ለምዳ የለ? ዛሬ እውነቷን ነው የምትለው። በልቻለሁ በይ ብያታለሁ።»

ሰዓዳ አፏን ከፈተች። ድምፅ ማሰማት መልሱን ያሰርዛል። አፏን ዘጋች። ልጇን ስታስጠና «ካልበላሽ» የሚለውን ቃል አንድም ቀን አልጨመረችበትም ነበር፤ ረውዳ ጠግባ የምትወጣበት ጠዋት ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። አሁን በዓይኗ ልትነግራት ሞከረች፤ በግንባሯ፣ በእጇ፣ በመላ አካሏ። ረውዳ ይህን ሁሉ አይታ እንደ ማበረታቻ ቈጠረችው። አንድ እርምጃ ተራመደች።

«እንደምን አደርሽ፣ ረውዳ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና።»

«ቁርስ በልተሻል?»

ረውዳ ደረቷን ነፋች። ከኋላዋ እነ ሜላት ቆመዋል፤ ዛሬ ግን አልፈራቻቸውም።

«ርቦኛል!» አለች፣ ጮክ ብላ።

መብራቷ ብጫ ሆነች።

መምህርት ርብቃ ወደ አቶ ሚልክያስ ሮጠች። ልጅቱ የናቷን ትእዛዝ መፈጸሟን፣ ጎረቤት በፍቅር ያደረገው መሆኑን፣ ማንም ማንንም ሊያታልል አለመፈለጉን እየተርበተበተች አስረዳች። እትዬ ጦይባም «ጥፋቱ የኔ ነው! እኔን ውሰዱኝ!» እያሉ መስመሩን አልፈው ገቡ። አቶ ሚልክያስ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም ሐዘን በሚመስል ድምፅ ተናገሩ።

«ስትራብ በልቻለሁ አለች፤ ስትጠግብ ርቦኛል አለች። እኔ የምፈርደው በፍቅራችሁ ላይ አይደለም። ይህች ልጅ ግን ሰዎች የሚፈልጉትን ከመናገር በቀር ሌላ አልተማረችም። እኛ የምናስተምራት ያንን ሌላውን ነው።»

ሰዓዳ መስመሩ ላይ እንደቆመች ነበረች። ሰውየው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት እንደነበር አሰበች።

የደጋው አውቶቡስ የመጣው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው። ነጭ ነው፤ ሹፌር የለውም፤ ከሕንፃው ደጃፍ ሲቆምም ድምፅ አላሰማም። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ነበር። እትዬ ጦይባ ብቻ አልወጡም፤ ከጨለመው ኮሪደር ውስጥ ለቅሷቸው ይሰማል።

ሰዓዳ ተንበርክካ የልጇን የሹራብ ቁልፎች አንድ በአንድ ቈለፈች። ከቈለፈቻቸው በኋላ አንዱን ፈትታ እንደገና ቈለፈችው።

«እማ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽ።»

«እትዬ ጦይባ በልቻለሁ በይ ብለውኝ ነበር። ግን ላንቺ ወላሂ ብዬሻለሁ። ያንቺን ቃል እንዳልሰብር ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሆዴ።»

ረውዳ ዓይኗን ከአውቶቡሱ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ አውቶቡሱ አመላለሰች። «እዚያም ይጠይቁኛል አይደል?»

«ይጠይቁሻል።»

«ምን ልበላቸው?»

ሰዓዳ የልጇን ፊት በሁለት መዳፎቿ መሐል ያዘች። ልትነግራት የምትፈልገው ብዙ ነበር፤ ሁሉም ግን አንድ ቀን ልጇን የሚጎዳ መሰላት። «የሚሰማሽን» አለቻት። «እናቴ ምን ትለኛለች ብለሽ አታስቢ። ማንም ምን ይለኛል ብለሽ አታስቢ። የሚሰማሽን ብቻ በያቸው።»

ረውዳ አንገቷን ነቀነቀች። ትንሿን ሻንጣዋን አንሥታ ወደ አውቶቡሱ በር ቀረበች። ከበሩ ጎን፣ በልጅ ቁመት ልክ፣ ያው የለሰለሰ ድምፅ ተቀበላት።

«እንደምን ዋልሽ፣ ረውዳ? ለመሄድ ዝግጁ ነሽ?»

ልጅቱ ዞራ እናቷን አላየችም። ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደከበዳት ሰዓዳ ከትከሻዋ አወቀች።

«አይደለሁም» አለች ረውዳ። «መሄድ አልፈልግም። እናቴ ጋ መሆን ነው የምፈልገው።»

መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። «እውነት በመናገርሽ እናመሰግናለን» አለ ድምፁ፤ በሩም ተከፈተላት።